"ሰርቨር ያስፈልጋችኋል" ተባልን፤ ሰርቨር ግን በእርግጥ ምን ይሠራልናል?

#1 — የመጋዘን_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ሙያዬ አይደለም፤ ጥያቄዬ የጀማሪ ቢሆን ታገሡኝ።

14 ሠራተኞች ያለን ዕቃ አከፋፋዮች ነን። ሥራችን በሙሉ ያለው የሒሳብ ሠራተኛችን ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ ፎልደር ሼር ተደርጓል። የዕቃ መዝገቡም፣ ደረሰኙም፣ የደንበኞች ዝርዝሩም እዚያ ውስጥ ነው። ጠዋት እሷ ገብታ ኮምፒውተሯን እስክትከፍት ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ባለፈው ሳምንት አሟት ቀረች። ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ደንበኛ በደወለ ቁጥር "ሲስተም የለም" እያልን ግማሽ ቀን አለፈ። እኔ ሌላ ቦታ ሄጄ ስባል ደሜን የሚያፈላውን ቃል ለራሴ ደንበኛ መናገሬ በጣም ከበደኝ።

ሌላም አለ። የዕቃ መዝገቡ ኤክሴል ነው። አንዱ ከከፈተው ሌላው መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ሰው ኮፒ እያደረገ ይሠራል። ማታ ላይ ሦስት ዓይነት መዝገብ ይኖረናል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ መደርደሪያ መቁጠር ነው።

አንድ ሻጭ መጥቶ "እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሰርቨር ነው" አለንና አንድ ገጽ ወረቀት ትቶ ሄደ። ዜዮን ፕሮሰሰር፣ ኢሲሲ ሜሞሪ፣ ሬይድ 5፣ 2ዩ ይላል። ይህ ከጥሩ ዴስክቶፕ በምን ይለያል? መግዛትስ አለብን? አለቃዬ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።

#2 — ኬብል_ሳቢ

ወንድሜ፣ ከወረቀቱ በፊት ቃሉን እናጥራ። ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። የዕቃ ስም አይደለም፣ የሥራ ስም ነው። ልክ "ጥበቃ" እንደምንለው። አንድ ፕሮግራም ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይጠብቃል። ከሌላ ኮምፒውተር "ይህን ፋይል ስጠኝ" የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ይሰጣል። ጠያቂው ክላየንት፣ ሰጪው ሰርቨር ይባላል።

በዚህ ትርጉም ከሄድን እናንተ ሰርቨር አላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛችሁ ኮምፒውተር ሰርቨር ነው። ችግሩ ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ነው። በዚያ ላይ ሰርቨር መሆኑን ማንም ስላላወቀ እንደ ሰርቨር የሚጠብቀው የለም።

በዓለም የመጀመሪያው የዌብ ሰርቨርም እንዲሁ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ዌብን ሲሠራ ሰርቨሩ ኔክስት የሚባል ኮምፒውተር ነበር። ሰው መጥቶ እንዳያጠፋው ወረቀት ለጠፈበት፤ በቀይ ቀለም "ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት" ይላል። ከምር ነው የምልህ፣ አንተም ዛሬውኑ ተመሳሳይ ወረቀት ጽፈህ ለጥፍ። እስከ ሰኞ ድረስ ያለ ምንም ወጪ የምታገኘው ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው።

ድርጅት ውስጥ ሰርቨር የሚይዘው ሥራ ብዙ ነው። ፋይል ያስቀምጣል፣ ዳታቤዝ ይይዛል፣ የፕሪንተር ወረፋ ያስተናግዳል፣ ኢሜይል ይቀበላል፣ ዌብሳይት ያሳያል። ለአነስተኛ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የተጠቃሚዎች አካውንት ነው። እንደ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ያለ ሲስተም ሲኖር እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና ፓስዎርድ ከየትኛውም ኮምፒውተር ይገባል። ሠራተኛ ሲለቅ አንድ ቦታ ላይ ትዘጋዋለህ፣ አለቀ። የዚያን ቀን የፓስዎርድ ችግራችሁ በዚህ ይፈታ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ማሽን አያስፈልግም። በቨርችዋላይዜሽን አንዱን ብረት (ማሽኑን ራሱን ማለቴ ነው) ከፋፍለህ ሦስትና አራት ሰርቨር እንደሆነ ታሠራዋለህ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይነካም። ብረቱ ራሱ ከሞተ ግን ሁሉም አብረው ይሞታሉ፤ ይህን አትርሳ።

#3 — ሌሊት_ተረኛ

እኔ ወረቀቱን ልፍታልህ።

ኢሲሲ፦ ሜሞሪ ውስጥ አንዳንዴ አንዲት ቢት በራሷ ትገለበጣለች፤ 0 የነበረው 1 ይሆናል። ተራ ኮምፒውተር ይህን አያውቅም፤ የተሳሳተውን ይዞ ይቀጥላል። ኢሲሲ አንድ ቢት ሲሳሳት አርሞ ያልፋል፤ ሁለት ሲሳሳቱ ደግሞ ያስታውቃል። ማታ ማታ ለሚጠፋ ላፕቶፕ ብዙም አያሳስብም። ወራት ሙሉ ሳይጠፋ የሰው ሒሳብ ለሚይዝ ማሽን ግን ያስፈልጋል።

2ዩ፦ ቁመት ነው። 1ዩ ማለት 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። 19 ኢንች ስፋት ባለው ሬክ፣ ማለትም የመሣሪያ መደርደሪያ ውስጥ እንደ መሳቢያ ይገባል። ሬክ አላችሁ? ከሌላችሁ 2ዩ አትግዙ፤ ታወር የሚባለውን፣ እንደ ዴስክቶፕ የሚቆመውን ጠይቁ። እነዚህ ጠፍጣፋ ሰርቨሮች ፋናቸው ትንንሽ ስለሆነ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ስታበራቸው ጩኸታቸው ክፍሉን ይሞላል። አጠገቡ ተቀምጦ ስልክ ማናገር አይቻልም።

ሬይድ፦ ብዙ ዲስኮችን አያይዞ እንደ አንድ ማሠራት ነው። ሬይድ 5 ላይ አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው አይጠፋም።

ዜዮን የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው። ለ14 ሰው ፕሮሰሰሩ አያስጨንቃችሁ፤ ቀድሞ የሚጨናነቀው ዲስኩ ነው።

አሁን ወረቀቱ ላይ የሌለው። አንደኛ፣ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው ወይ? አንዱ ሲቃጠል ሌላው ይዞት ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ማሽኑ ሳይጠፋ ይነቀላል ወይ? ሦስተኛ፣ ከሩቅ መቆጣጠሪያ አለው ወይ? ዴል አይድራክ ይለዋል፣ ኤችፒኢ አይሎ ይለዋል። ሰርቨሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ዋናው ማሽን ቢጠፋ እንኳ በራሷ ትሠራለች፤ ቤትህ ሆነህ ታስነሳዋለህ።

ሁለተኛው ነጥብ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ሌሊት ልንገርህ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሄጄ አየሁ፤ ከአራቱ ዲስኮች የሦስተኛው መብራት ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ተቀይሯል። መያዣውን ተጭኜ ትንሽ ሳብኩትና እዚያው ያዝኩት፤ ዲስኩ መሽከርከሩን እስኪያቆም እጄ ላይ ንዝረቱ ይሰማኛል። ንዝረቱ ሲቆም አወጣሁት። አዲሱን እስኪጠብቅ ድረስ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሲስተሙ ዳታውን ከሌሎቹ ዲስኮች እየሰበሰበ አዲሱ ላይ ይጽፍ ነበር፤ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ፈጀበት። ጠዋት የገቡት ሠራተኞች ምንም አላወቁም። ሰርቨር ስትገዛ የምትከፍለው ለዚህ ነው፤ ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ተራው ዊንዶውስ 10 እና 11 ፋይል ሼር ሲያደርግ የፈቃድ ስምምነቱ ከ20 በላይ መሣሪያ እንዲገናኘው አይፈቅድም። 14 ሰው፣ ሁለት ፕሪንተር፣ ጥቂት ላፕቶፕ ስትጨምር ጫፉ ላይ ናችሁ።

#4 — ደመና_ወዳጅ

እኔ ደግሞ ምንም ብረት አትግዙ ባይ ነኝ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርቨርን በኪራይ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በምትፈልገው መጠን ትከራያለህ፣ ሲበዛብህ ትቀንሳለህ። ዲስክ ሲበላሽ የሚቀይረው ሌላ ሰው ነው። ማሽን ሲያረጅ የሚጥለው ሌላ ሰው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሳውም አንተ አይደለህም።

በተለይ ኢሜይልን በራስ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ዛሬ ለአነስተኛ ድርጅት አይመከርም። ሰርቨሩን መትከሉ አይደለም ችግሩ። የምትልከው ደብዳቤ የተቀባዩ ስፓም ውስጥ እንዳይገባ በየቀኑ መታገል ነው። ኢሜይላችሁን እና ዌብሳይታችሁን ዛሬውኑ ለክላውድ (እንዲህ በኢንተርኔት ለሚከራየው ሰርቨር) ስጡ፤ ይህን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

#5 — ሰንጠረዥ

ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ነው የምታወሩት። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ድርጅት ትልቁ ቁስል ኤክሴሉ ነው። ያንኑ ኤክሴል የፈለጋችሁት ሰርቨር ላይ ብታስቀምጡት ማታ ሦስት መዝገብ መሆኑ አይቀርም።

ወንድሜ፣ ፋይል ሰርቨር እና ዳታቤዝ ሰርቨር የተለያዩ ናቸው። ፋይል ሰርቨር ዶሴውን አንስቶ እጅህ ላይ ያስቀምጥልሃል። አንተ እስክትመልስ ሌላው ይጠብቃል። ዳታቤዝ ሰርቨር ዶሴውን ከእጁ አያወጣም። "የዚህ ዕቃ ስንት ቀረ?" ትለዋለህ፣ ቁጥሩን ይነግርሃል። "ሁለት ቀንስ" ትለዋለህ፣ እሱ ራሱ ይቀንሳል። መዝገቡን የሚነካው አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ ሃያ ሰው ባንዴ ቢጠይቀውም አይምታታበትም።

ቀረብ አድርገን እንየው። መጋዘን ውስጥ አንድ ካርቶን ቀርቷል። ሁለት ሻጮች በአንድ ሰከንድ ውስጥ "ሸጥኩት" ብለው ይጫናሉ። ዳታቤዙ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበልና የዚያን ዕቃ ረድፍ ይቆልፋል። ረድፉን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዕቃዎች ክፍት ናቸው። 1 የነበረው 0 ይሆናል፤ ቁልፉ ይከፈታል። ሁለተኛው ተራው ሲደርስ የሚያየው 0 ነው። ፕሮግራሙ በአግባቡ ከተጻፈ "አልቋል" ይለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ሳይጨፈን ነው። ኤክሴሉ ላይ ቢሆን ሁለቱም ኮፒያቸው ላይ 1 ስለሚያዩ ሁለቱም ይሸጣሉ፤ አንዱ ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሌላው ትራንዛክሽን የሚባለው ነው። ሽያጭ ሁለት ሥራ አለው፦ ደረሰኝ መጻፍ እና ከመጋዘን መቀነስ። ደረሰኙ ተጽፎ ዕቃው ሳይቀነስ መብራት ቢጠፋስ? ዳታቤዝ ወይ ሁለቱንም ይፈጽማል ወይ ሁለቱንም ይሰርዛል። መሃል ላይ አይቀርም።

ስለዚህ የመጋዘን ሶፍትዌር ስትመርጡ ሻጩን "ዳታው የሚቀመጠው የት ነው?" በሉት። ፖስትግሬስ፣ ማይ ኤስኪውኤል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር (የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ናቸው) ብሎ ከመለሰላችሁ ጥሩ። "ሼር ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለ ፋይል እየተጻፈበት እያለ የአንድ ሰው ኬብል ቢነቀል ሊበላሽ ይችላል።

#6 — የመጋዘን_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ሰንጠረዥ፣ የካርቶኑ ነገር ባለፈው ወር በእኛ ላይ በትክክል ደርሷል፤ እንዴት እንዳወቅሽው ገረመኝ።

አንድ ያልገባኝ አለ። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው አይጠፋም ከተባለ ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ለምን ይጠየቃል? አለቃዬ "ለአንድ ነገር ሁለቴ አንከፍልም" ይላሉ።

#7 — ከዜሮ_የጀመረች

ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። የምሠራበት ድርጅት ሬይድ 5 ነበረው፤ ዳታችንን ግን አላተረፈልንም።

ሬይድ ከዲስክ ብልሽት ይጠብቃል። ከሌላ ከምንም አይጠብቅም። ሰው ፎልደር ቢያጠፋ ሬይዱ ታዝዞ ከሁሉም ዲስክ ላይ ያጠፋል። ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፍ የተቆለፈውን ፋይል በጥንቃቄ ይጠብቅልሃል። ሌባ ቢመጣ ዲስኮቹን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው።

የእኛ እንዲህ ሆነ። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተብሎ የሰርቨሩ ሪሞት ዴስክቶፕ (ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን መጠቀሚያ በር)፣ ፖርት 3389፣ ለኢንተርኔት ተከፈተ። ፓስዎርዱ ቀላል ነበር። ዓርብ ማታ ገቡ። ሰኞ ጠዋት ደረሰኞች ያሉበትን ፎልደር ስከፍት የፋይሎቹ አዶ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ከእያንዳንዱ ስም ኋላ የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አንድ አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ገንዘብ ክፈሉ ይላል። "ባክአፕ አለን" ብዬ ሮጥኩ። ባክአፑ ሰርቨሩ ላይ ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ነበር። እሱም ተቆልፏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወረቀት ደረሰኝ እያየን መልሰን ጻፍን። ወረቀቱ የጠፋው ጠፍቶ ቀረ።

ለአለቃህ እንዲህ በላቸው፦ ሬይድ ሥራው እንዳይቆም ነው፤ ባክአፕ ሥራው እንዳይጠፋ ነው። የሚከፈለው ለሁለት የተለያየ ነገር ነው።

እኛ አሁን የምንከተለው 3-2-1 የሚባለውን ነው። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጪ። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ቢያንስ አንዱ ኮፒ ከሰርቨሩ ጋር ያልተገናኘ ይሁን። ሶፍትዌር ማደስንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በመጋቢት ዘግቶት ነበር። ብዙዎቹ የተጠቁት ያንን ማሻሻያ ሳይጭኑ ቀርተው ነው።

ደግሞ ባክአፕ መውሰድ ብቻ አይበቃም፤ መመለሱን ሞክሩ። ጊትላብ በሚባል የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ በዚያች ሰዓት አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ባለሙያው ከአደጋው በፊት በአጋጣሚ በእጁ የወሰደው ኮፒ ስለነበረ ነው የስድስት ሰዓት ያህል ዳታ ብቻ አጥተው የተረፉት። ሙያቸው ሶፍትዌር የሆኑት ሰዎች ይህ ከደረሰባቸው እኛማ።

#8 — ደመና_ወዳጅ

እህቴ፣ አይዞሽ፤ ከባድ ነገር ነው ያሳለፍሽው። ይህ ግን የእኔን ሐሳብ አያጠናክርም? ክላውድ ላይ ቢሆን...

#9 — ኬብል_ሳቢ

ወንድሜ ደመና_ወዳጅ፣ እዚህ ላይ ላቁምህ። ክላውድም የሆነ ቦታ ያለ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የሚባለው የክላውድ ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ወደመ። ባክአፓቸውን ሌላ ከተማ ያስቀመጡ ደንበኞች ተመለሱ። ባክአፓቸው እዚያው የነበረባቸው አጡ። 3-2-1 ክላውድ ላይም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔታችሁ ሲቋረጥ መጋዘኑ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? እዚያው ቢሮ ያለ ሰርቨር ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ዕቃ ጭኖ በር ላይ ለቆመ ሾፌር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

"99.9 በመቶ ይሠራል" የሚል ውል ስታይም አስላው። በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። 99.99 ከሆነ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። ከመግዛትህ በፊት ለአለቃህ ሁለት ጥያቄ አቅርብላቸው፦ ስንት ሰዓት ብንቆም እንችላለን? ስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋብን መልሰን መጻፍ እንችላለን? መልሱ "ግማሽ ቀን" ከሆነ የምትገዛው አንድ ነው፤ "አሥር ደቂቃ" ከሆነ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅ ወረቀት መተዉ ነው እኔን ያልተመቸኝ።

#10 — ደመና_ወዳጅ

እሺ፣ የኢንተርኔቱን ነገር ተቀብያለሁ። መጋዘን ላለው ድርጅት ቅይጡ ይሻላል፦ የዕቃ መዝገቡ ቢሮ፣ ኢሜይሉና አንዱ ባክአፕ ክላውድ። ብቻ የክላውዱ አካውንት ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑር። አንድ ፓስዎርድ የሰረቀ ሰው ሁሉንም ማጥፋት መቻል የለበትም።

#11 — ሌሊት_ተረኛ

ቢሮ የሚቀመጥ ከሆነ ስለ ቦታው ትንሽ። ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት። የመሣሪያዎቹን ሙቀት የሚያጠኑ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የሚቆለፍ፣ አየር የሚገባው፣ የውሃ ቧንቧ የማያልፍበት ክፍል በቂ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) የግድ ነው። ብዙ ሰው ግን ዩፒኤሱን ገዝቶ ትንሿን የዩኤስቢ ገመድ ካርቶኑ ውስጥ ይተዋታል። ያቺ ገመድ ሰርቨሩ ላይ ካልተሰካች ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል። ከተሰካች ግን፣ ሶፍትዌሩ ከተስተካከለ፣ ባትሪው ሳያልቅ ዳታቤዙን ዘግቶ በሥርዓት ይተኛል።

ለ14 ሰው ሬይድ 1 እመርጣለሁ፤ ሁለት ዲስክ፣ አንዱ የሌላው መስታወት። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። አንዱ ሞቶ እስኪተካ ድረስ ሌላ ከሞተ ሁሉም ይሄዳል። ቀላሉን ያዙ።

#12 — የመጋዘን_ልጅ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ የሆነውን መናገር አለብኝ ብዬ ነው።

የኬብል_ሳቢን ጥያቄ ለአለቃዬ አቀረብኩላቸው። "ሁለት ሰዓት ብንቆም እንችላለን፤ ከአንድ ቀን ሥራ በላይ ግን ማጣት አንችልም" አሉ። የሻጩን ወረቀት ይዤ "2ዩውን ትተህ ታወር፣ ሬይድ 5ን ትተህ ሬይድ 1፣ ሁለት ፓወር ሰፕላይ" ስለው ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና አስተካከለ። ኤክሴሉን ትተን ፖስትግሬስ ላይ የሚሠራ የመጋዘን ፕሮግራም አስገባን። ኢሜይል ወደ ክላውድ ሄደ። ሁለት ተነቃይ ዲስኮች አሉን፤ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮ ውጪ ነው። በየሌሊቱ ደግሞ አንድ ኮፒ ወደ ክላውድ ይሄዳል። የዩኤስቢ ገመዷን ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መመለሱን ሞከርን። ባዶ ኮምፒውተር ላይ ከባክአፑ አነሳነው። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። የዕቃ መዝገቡ እስከ መጨረሻው ሽያጭ ድረስ መጣ። የደንበኞች የውል ፎልደር ግን አልመጣም። ስናጣራ የሒሳብ ሠራተኛችን ዴስክቶፕ ላይ ቀርቷል፤ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሰኞ አዘዋወርነው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም እንዳይኖር እንዴት ነው የሚፈለገው?

#13 — ከዜሮ_የጀመረች

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ካስገባችሁ የሁሉም ሰው ዴስክቶፕ እና ዶክመንት ፎልደር በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ፎልደር ሪዳይሬክሽን ይባላል። ከዚያ በፊት ግን በየጠረጴዛው ዙር። አብረህ ተቀመጥና "ይህ ኮምፒውተር አሁን ቢሰረቅ የቱ ይቆጭሃል?" በል። ጣታቸው የሚያመለክተውን ፎልደር ጻፍ። እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ፎልደር ነበር የተገኘው።